ለወላጅ የመርሳት ሕመም ገንዘቡ የት ይዋል? አዲሱ መድኃኒት፣ የቆየው ክኒን፣ የደም ምርመራውና የጆሮ ማዳመጫው ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ለአባቷ የደም ግፊት ክኒን ለመውሰድ ከሽምብጥ በየወሩ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለችን። አባቷ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሰውና ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ጀልባ ነጂ ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ክኒኑ ሳታነሳ ስልኳን በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠችኝ። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሟ የአንድ መድኃኒት ካርቶን ፎቶ ልኮላታል፤ ከሥሩም «ዋጋው አያስጨንቃችሁ፣ እኛ እናዋጣለን፤ ብቻ እዚያ የሚሰጣቸው ሰው ፈልጉ» ብሎ ጽፏል። መድኃኒቱ ለአልዛይመር የሚሰጠው ሌካኔማብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ሁሉም ወላጃቸውን ይወዳሉ፣ ከአንዱ ልጅ ዘንድም የተወሰነ ገንዘብ አለ፤ የሚቸግራቸው ገንዘቡ መጀመሪያ የት ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል የሚለው ነው። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ እንጂ ሐኪም ስላልሆንኩ፣ እዚህ የማቀርበው ንጽጽር ከሐኪም ጋር የሚደረገውን ውይይት ለማቅለል ይረዳ እንደሆነ እንጂ ውይይቱን አይተካውም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ በእርግጥ አልዛይመር ነው?

ዴሜንሺያ ማስታወስን፣ ማሰብንና የዕለት ኑሮን መምራትን የሚያውኩ ብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አልዛይመር ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። የቀሩት በስትሮክና በደም ግፊት ምክንያት የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጡትንና ሌሎችንም ያካትታሉ። እኛ ዘንድ ግን ሁሉም «ጃጁ፣ ዕድሜ ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ፣ መርሳት የሚመስል ነገር ግን በቀላሉ የሚታከም ሕመም ያለበት ሰው ጭምር በዚያው ስም ተሸፍኖ ይቀራል። ማንኛውም ቤተሰብ ሌላ ነገር ላይ አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት ይህን ማጣራት አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለያው ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ነው። አልዛይመር በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ ሕመም ነው፤ እስከ ትናንት ደኅና የነበረ አዛውንት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢቀባዥር፣ ቀኑን ሲያንቀላፋ ሌሊቱን ሲቅበዘበዝ ቢያድር፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ወባ፣ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ ወይም ስኳር ሕመምተኛ ሆነው ክኒናቸውን ወስደው ሳይበሉ በመጾማቸው የደም ስኳራቸው መውረዱ ነው። ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ የተለወጡ ከሆነ ደግሞ ከራስ ቅላቸው ሥር ደም ረግቶ አንጎላቸውን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ በሲቲ ስካን መታየት ያለበትና በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ቀስ ብለው ከሚመጡት መካከል የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ይጠቀሳሉ። ቢ12ን በተለይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ በመሆኑ ረጅሙን አጽዋማት ሁሉ ለሚጾሙ አዛውንት ሊያንስ ይችላል፤ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድም ይበልጥ ይቀንሰዋል። ሁለቱም የተደረቡባቸውን እናቶች በየሳምንቱ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሸጡት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን በአዛውንት ላይ ራሳቸው መርሳትን ያመጣሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ጎረቤት ያዋሰውን ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ከብዙ ምርመራ ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

የማስታወስ ፈተናውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ አገር የሚሠራበት የ1975 ፈተና ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ የሚል ስለሆነ፣ ፊደል ያልቆጠረ ጤነኛ ሰው ሊወድቅበት፣ የተማረ ሕመምተኛ ደግሞ ሊያልፈው ይችላል። ቋንቋቸውና ባህላቸው ለተለያየ ሰዎች ታስቦ አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀው ሩዳስ የተባለው ፈተና በትምህርት ደረጃ ብዙም ስለማይዛባ ለእኛ የተሻለ ይመስለኛል። ቤተሰብ ከፈተና ክፍል ውጭ የሚያየው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ይናገራል። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ ዝም የሚሉ እናት «ዛሬ ማን ነው?» ቢባሉ «ገብርኤል» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። የወሩን በዓላት ዕድሜ ልካቸውን በቃል የያዙ ሰው ማርያምን ከጊዮርጊስ ማምታታት ሲጀምሩ፣ የማኅበር ተራቸው ሲያልፋቸው፣ ወይም ሰጋጅ አባት ስንት ረከዓ እንደሰገዱ ሲጠፋባቸው፣ ያንን ከነቀኑ ጽፎ ለሐኪም መስጠት ጥሩ ማስረጃ ነው።

አዲሶቹ መርፌዎች፦ ሌካኔማብ ወይስ ዶናኔማብ?

አሎይስ አልዛይመር በ1906 በሃምሳ አምስት ዓመቷ የሞተችን አንዲት ሴት አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በሴሎቹ መካከል የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደሆኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታወቀ። ሌካኔማብና ዶናኔማብ አሚሎይዱን እየያዙ የሚያስወግዱ አንቲቦዲዎች ናቸው፤ ማስወገዱንም በደንብ ያስወግዱታል። አከራካሪው ጉዳይ ይህ ለታማሚው ኑሮ ምን ያህል ይተርፋል የሚለው ነው።

ሌካኔማብ በ1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወራት ተሞክሯል። የሕመሙን ክብደት በ18 ነጥብ በሚለካ ሚዛን፣ መድኃኒቱ የተሰጣቸው በአማካይ 1.21 ነጥብ ሲያሽቆለቁሉ፣ መድኃኒት የሌለበት መሰሉ ብቻ የተሰጣቸው 1.66 ነጥብ አሽቆልቁለዋል። በዜና የተሰማው «27 በመቶ» ከዚህ የወጣ ነው፤ በሚዛኑ ላይ ግን ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ነው። ሁለቱም አኃዞች እውነት ናቸው፣ ወንድሞች የሚልኩት ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ዶናኔማብ በ1,736 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ የታው ክምችታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑት ላይ በሌላ ሚዛን ሲለካ ማሽቆልቆሉን በ35 በመቶ አዘግይቷል። በሁለቱም ዘንድ የጠፋው ትውስታ አልተመለሰም፣ ሕመሙም አልቆመም።

ሁለቱን እርስ በርስ ለማወዳደር ያህል፣ ሌካኔማብ በየሁለት ሳምንቱ፣ ዶናኔማብ በየወሩ እንደ ጉሉኮስ በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ዶናኔማብ አሚሎይዱ ከጸዳ በኋላ ሊቆም መቻሉ ጥሩ ጎኑ ነው። በአንጻሩ የአንጎል እብጠት በሌካኔማብ ሙከራ በ12.6 በመቶው፣ በዶናኔማብ ሙከራ በ24 በመቶው ላይ ታይቷል። አብዛኛው በኤም አር አይ ብቻ የሚታይና ያለ ምልክት የሚያልፍ ቢሆንም፣ የአንጎል መድማትም አብሮ የሚታይ በመሆኑና የሞቱ ሰዎችም ስላሉ፣ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤም አር አይ ደጋግሞ መነሣት የግድ ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎች አደጋው ይበልጥ ያሳስባል። አሜሪካ ውስጥ ሲቀርቡ የተተመነላቸው ዋጋ ሌካኔማብ በዓመት 26,500 ዶላር፣ ዶናኔማብ ለ12 ወራት 32,000 ዶላር ነበር፤ ይህ ምርመራውንና አልጋውን አይጨምርም። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሌካኔማብን በኦገስት 2024 ሲፈቅድ፣ የሕክምና ወጪን የሚገመግመው ሌላው አካላቸው በዚያው ጊዜ ባወጣው ረቂቅ ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም ማለቱ ለእኛም ይነግረናል። «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳያሳስተን ደግሞ አዱካኑማብን ማስታወስ ይበቃል፤ በ2021 ብዙ ክርክር አስነሥቶ ተፈቀደ፣ በ2024 አምራቹ ራሱ መተዉን አሳወቀ።

ከዋጋውም በላይ ምርጫውን የሚወስነው የሕመሙ ደረጃ ነው። ሁለቱም የሚሰጡት ሕመሙ ገና ሲጀምር ላለ ሰው፣ ያውም አሚሎይድ መኖሩ ክምችቱን በምስል በሚያሳየው በፔት ስካን ወይም ከወገብ በሚቀዳ ፈሳሽ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የሽምብጧ ደንበኛችን አባት ጋቢያቸውን ማን እንዳለበሳቸው ይጠይቃሉ፣ በገዛ ግቢያቸው መጸዳጃ ቤቱ ይጠፋባቸዋል። እንዲህ ላለ ሰው ገንዘቡ ቢሞላም መድኃኒቱ አይታዘዝለትም። ሥራ ላይ ያሉ፣ የስልሳ ዓመት ሰው፣ ሕመማቸው በጊዜ የታወቀና ውጭ አገር ለወራት አብሯቸው የሚቀመጥ ልጅ ያላቸው ቢሆኑ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። በ2025 የተፈቀደው እቤት የሚወጋ የሌካኔማብ መርፌም በደም ሥር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሕክምና ጨርሰው ለሚቀጥሉ ሰዎች የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በሻንጣ አስልኮ እዚህ መጀመር አይቻልም።

የቆየው ክኒን

ዶኔፔዚል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996፣ ሜማንቲን በ2003 ነው። አሚሎይዱን አይነኩም፤ የሚሠሩት አንጎል ውስጥ መልእክት በሚያስተላልፉ ኬሚካሎች ላይ ነው። የበሽታውን ጉዞ አይለውጡም፣ ነገር ግን ለአንዳንድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ አለባበሱን፣ ንግግሩን፣ ቤተሰቡን መለየቱን በመጠኑ ያግዙታል። የፓተንት ዘመናቸው ስላለፈ ርካሽ የሆኑ ቅጂዎች አሏቸው፣ ፔት ስካንም ሆነ ተደጋጋሚ ኤም አር አይ አይጠይቁም። በ2012 እንግሊዝ ውስጥ ሕመማቸው መካከለኛና ከባድ ደረጃ ላይ በደረሰ 295 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዶኔፔዚልን የቀጠሉት ካቋረጡት ይልቅ በማስታወስ ፈተናው በ1.9 ነጥብ የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይገኛል ወይ?» ሳይሆን «በየወሩ ይገኛል ወይ?» የሚለው ነው። አንድ ወር ተገኝቶ ሁለት ወር የሚጠፋ መድኃኒት ከመጀመር፣ ምንጩን አስተማማኝ አድርጎ መጀመር ይሻላል። በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ወደ 10 ከፍ ሊል ይችላል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ያመጣል፣ የልብ ምትን ያዘገያል፤ እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚቀንስ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ምታቸው ሳይለካ መጀመር የለበትም። ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም ካመጣ ጠዋት እንዲወሰድ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንድ እጅ ዶኔፔዚል፣ በሌላው አሚትሪፕቲሊን የሚያስጽፉ ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ቁጣና መቅበዝበዝ ሲበዛ የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የተለየ ጉዳይ ናቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 ለአዲሶቹ፣ በ2008 ለቀድሞዎቹ የዚህ ወገን መድኃኒቶች፣ ዴሜንሺያ ባለባቸው አዛውንት ላይ ሞትን እንደሚጨምሩ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስፍሯል። ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ካልሆነ በቀር አይመረጡም።

የደም ምርመራውና የዘር ምርመራው

በሜይ 2025 በአሜሪካ የተፈቀደው የደም ምርመራ ፒ ታው 217 የተባለውን ፕሮቲን ከአሚሎይድ ጋር አነጻጽሮ ይለካል። የታሰበው 55 ዓመት ለሞላቸውና ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው። በቀረቡት 499 ናሙናዎች ላይ «አለ» ካላቸው 91.7 በመቶው፣ «የለም» ካላቸው 97.3 በመቶው ከፔት ስካን ወይም ከወገብ ፈሳሽ ውጤት ጋር ገጥሟል፤ ከ20 በመቶ በታች የሆኑት ደግሞ ወደ አንዱም ሳያዘነብሉ ቀርተዋል። ለአዲሶቹ መርፌዎች ለሚታጭ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለሽምብጡ አባት ግን ውጤቱ «አለ» ቢል ከነገ ጀምሮ ምን የተለየ ነገር እናደርጋለን? መልሱ «ምንም» ከሆነ ለምርመራው መክፈል አያስፈልግም።

ወንድምየው በምራቅ የሚሠራውን የዘር ምርመራም ጠይቆ ነበር። ኤፖኢ 4 የተባለው ዘር የአልዛይመርን አደጋ የሚጨምር ቢሆንም፣ ናይጄሪያ ውስጥ በኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ለዓመታት ያነጻጸረው ጥናት፣ ይህ ዘር በዮሩባዎቹ ላይ ያን ያህል ከሕመሙ ጋር ሳይያያዝ አግኝቶታል። በ2001 በታተመው ውጤት በዓመት አዲስ አልዛይመር የሚይዛቸው በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ ነበሩ። አፍሪካ ውስጥ ለሚኖር ሰው ያ ወረቀት የሚነግረው ነገር አሜሪካ ከሚነግረው ያነሰ ነው ማለት ነው።

ግፊት፣ ጆሮ፣ ዓይን

ዋጋው ዝቅተኛ፣ ትርፉ ግን ከሁሉ የሰፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ከሚታየው ዴሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብሎ ገምቷል። ከእነዚህ መካከል የመስማት ችግርና ከፍተኛ ኮሌስትሮል እያንዳንዳቸው 7 በመቶ ድርሻ ተሰጥቷቸዋል። የዓይን ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለትም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ስለ ግፊት ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ2019 ውጤቱ የወጣው የ9,361 ሰዎች ጥናት የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማድረግ መታከም፣ ከ140 በታች ለማድረግ ከመታከም ይልቅ ቀለል ያለ የማስታወስ መቀነስን በ19 በመቶ አሳንሷል፤ ሙሉ ዴሜንሺያን በተመለከተ ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። ይህን ያህል ዝቅ ማድረግ ለሚንገዳገድ አዛውንት መውደቅን ሊያመጣ ስለሚችል ግቡን ሐኪም ይወስነው። እኔ የማያቸው ሰዎች ችግር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለ ነው፤ ክኒኑን «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» ይላሉ።

ጆሮን በተመለከተ በ2023 የወጣው ጥናት 977 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ የመስማት ችግር ላለበት ሰው የሚደረገው የጆሮ ማዳመጫ በጠቅላላው ላይ ለውጥ ሳያመጣ፣ ለዴሜንሺያ ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ማሽቆልቆሉን በ48 በመቶ አዘግይቷል። የተደባለቀ ውጤት ነው። ሆኖም የማይሰማ አባት «ረሳ» ተብሎ የሚወቀሰው ስላልሰማ ሊሆን ይችላል፤ የጆሮ ማዳመጫ ከመገዛቱ በፊት ጆሮው ውስጥ የደረቀ ኩክ አለመኖሩን ማሳየት ደግሞ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። በዲያስፖራ ሻንጣ በብዛት የሚገባው ጊንኮ የተባለው ከዕፅ የሚሠራ ክኒን በ2008 በታተመ የ3,069 ሰዎች ጥናት ዴሜንሺያን አልተከላከለም። የክብደት መቀነሻው ሴማግሉታይድ በኖቬምበር 2025 የሁለት ትልልቅ የአልዛይመር ሙከራዎቹ አለመሳካት ተነግሯል። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በዌልስ በተደረገ ጥናት በሰባት ዓመት ውስጥ የዴሜንሺያን መከሰት በአንድ አምስተኛ ያህል ከመቀነስ ጋር ተያይዟል፤ ተስፋ የሚሰጥ ነው፣ ለታመመ ሰው ሕክምና ግን አይደለም። ጸበል የሚሄዱ አዛውንት ደግሞ ክኒናቸውንና ውሃቸውን ይዘው ይሂዱ።

አስታማሚዋ

ልጆቹ ቀጥሎ ያነሱት አባታቸውን አዲስ አበባ ወዳለው ወንድም ቤት መውሰድን ነበር። በማያውቁት ግቢ መጸዳጃ ቤቱን መፈለግ ለእሳቸው እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ እዚህ ግን ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የሚያይ ጎረቤት፣ ስማቸውን የሚያውቅ የባጃጅ ሹፌር አለ። ሐይቁ ቅርብ መሆኑ ያሰጋል፤ ስለዚህ የግቢው በር መቀርቀሪያ ከፍ ብሎ እንዲሠራና ስልክ ቁጥር በጋቢያቸው ጥለት ላይ እንዲሰፋ መከርኩ። ለሴት ልጃቸው ደግሞ ሌላ ምርጫ አቀረብኩ፤ ከዋሽንግተን የሚመጣው ገንዘብ በሳምንት ሦስት ቀን የምታግዛት ሰው ይቅጠርበት። በለንደን 260 አስታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በስምንት ክፍለ ጊዜ ችግርን መቋቋም የሠለጠኑት አስታማሚዎች ድባቴና ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እሷ ከታመመች አባትየውን የሚይዝ የለም።

ወንድሞቿ በስልክ ከተሰበሰቡ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብ የዋለው ለቢ12ና ለእንቅርት ምርመራ፣ ለጆሮ ማጽጃ፣ ቀጥሎም ለአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው። ዶኔፔዚሉን ምታቸው ተለክቶ ከሁለት ወር በኋላ ጀመሩ። መጸዳጃ ቤቱ አሁንም አንዳንዴ ይጠፋባቸዋል። ማዳመጫውን ባደረጉበት ሳምንት ልጃቸው ስትመጣ ምን አሉ ብዬ ብጠይቃት፣ የመጀመሪያ ቅሬታቸው «ይህ ሁሉ ባጃጅ ከመቼ ወዲህ ነው?» የሚል እንደነበር ነገረችኝ።